የቡላ ግራ መስታወት

ሚያዝያ 30/96፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 2 ሰ.

ሸራዋን ገፈፍኩ። ሞተር አስነሣሁ፤ እስከ ሦስት መቶ ቆጥሬ አጠፋሁ። አራቱም ጎማ ደህና። ጣሪያዋን ወደ ኋላ አጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁ፤ ጨርቅ ካልተንቀሳቀሰ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ዘይት አልጎደለም። ባትሪው ደክሟል፣ ግን ተነሣች።

ይኼን ጥሩዬ ከፊትም ጽፋዋለች። ፊትህ የጌታዬ ልጅ፣ የልጅ ዳዊት ነው፣ ደብተር። አዲስ አበባ ሆኖ መኪናው ቡላ እንዴት እንደሰነበተች የሚያነበው እሱ ነው፤ አንተንም የሰጠን እሱ። ገልብጠን ከጀርባ የምንጽፈው ግን የኔ ነው። ወረቀቱ ባዶውን ከሚቀር ብዬ። እኔ እናገራለሁ፣ ሚስቴ ጥሩዬ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። መሪ የሚያዘው በእጅ ነው።

ገበያ ወጣሁ። ጨው ገዛሁ። መሪጌታ ይባቤን አየሁት፣ ጥላውን ዘርግቶ፣ ዝናብ ሳይኖር። እጅ ነሣሁት። እሱም ጎንበስ አለልኝ፣ አያ ደርበው እንዴት ሰነበቱ አለ። ከዚያ ጥሩዬን ጠየቀ። ደህና ናት አልኩ። ሁልጊዜ ይጠይቃል። ምን ልትሆን ነበር?

ስሙን አሳጥሪው አልኳት። "መ/ይ" ይበቃዋል፤ ቀለም አይበላ። እሺ አለች።

ግን. 2፣ ሰኞ፣ ጠ. 1 ሰ.

ሰበሯት።

የማደሪያዋ ቁልፍ ተገንጥሏል። ሸራዋ መሬት ላይ። የግራ በሯ መስታወት፣ የሹፌሩ በኩል ያለው፣ እንክትክት ብሏል። ወንበሩ ላይ የዳቦ ያህል ድንጋይ። ሬዲዮው የለም፤ ገመዱ እንደ አንጀት ተንጠልጥሏል። ያ ሬዲዮ ከንጉሡ ጊዜ ወዲህ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም። ይዝፈንለት።

ትናንት ልደታ ነበረች። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ከወይራው ሥር ንፍሮ ይበላል፤ በዚያ ቀን ቤት የሚቀር የለም። እኔ ግን ቀርቼ ነው የማውቀው። ቡላን ትቼ አልሄድም። አያ ደርበው ልደታን ከመኪናው ጋር ያከብራል እያሉ ይስቃሉ፤ ይሳቁ እላለሁ። ትናንት ሄድኩ። ለምን? ለአንተ እውነቱን ልንገር። መሪጌታ ይባቤ ጸሎቱን ሊያደርስ እንደሚመጣ ሰማሁ። ጥሩዬ የፋሲካውን ቀሚስ አወጣች። መሐላቸው ልቀመጥ ሄድኩ። ተቀመጥኩም። እኔ መሐላቸው ሆኜ ሽንብራ ስቆረጥም፣ እዚህ ሌባ ገባ።

ጥሩዬ ይኼን ስትጽፍ ብዕሯን አቆመች። ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

ሚሊሻው መጣ። ዞራት። ደግሞ ዞራት። ቆንጆ ነች አለ። ለዚህ ነው የመጣኸው አልኩት። አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አስጫኑኝ። ሌባው እንደማይያዝ እሱም ያውቃል፣ እኔም።

በሩን ስከፍተው ሆዱ ውስጥ ስብርባሪው ይንቋቋል። መስማት አልቻልኩም። ትቼው ወጣሁ።

ግን. 3፣ ማክሰኞ

ከስልክ ቤት። ልጅ ዳዊት አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደከመኝ የሚል ሰው ድምፅ ነው ያወጣ።

ያለው ይኼ ነው። አዲሱን ሆቴል የሠራው ሰውዬ ቡላን አምጡልኝ እያለ ይጨቀጭቀዋል። ከደጁ ሊያቆማት፣ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ሊያቆምላት፣ ፈረንጅ ሊያያት። እስከ ዛሬ አያ ደርበው አለ እያልኩ እምቢ አልኩት አለ። አሁን ምን ልበለው አለ። ለላሊበላ በዓል፣ ለሰኔ 12 እመጣለሁ፤ ሙሉ ሆና ካገኘኋት ካንተ ጋር ትኖራለች፣ ካልሆነ ለሱ ነው የምሰጣት። መስታወቷ አዲስ አበባም የለም። እንደሷ ያለች በአገሩ ሌላ አንዲት ብቻ አለች ይባላል፤ እሷም መስታወት የላትም አለ።

ለአባቱ፣ ለጌታዬ፣ የነዳሁ እኔ ነኝ። ዕቃ ቤት ቆማ ሳለች እዚያው እያደርኩ ያጠብኳት እኔ። ቡላ ያልኳት እኔ፤ ቀለሟ የቡላ ፈረስ ነው፣ ነጭም ቢጫም ያልሆነ። ጌታዬ የታሰሩ ጊዜ ጭድ ውስጥ ቀበርኳት፣ ከፊቷ ግንብ ካብኩ። የደርግ ወታደሮች መጥተው ያንን ግንብ ተደግፈው ውሃ ጠጡ። ውሃውን የሰጠሁ እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት። ኢሕአዴግ ገባ፣ ግንቡን አፈረስኩ፣ ጭዷን አራገፍኩ፣ በስድስተኛው ቀን ተነሣች።

ለሆቴል ሰውዬ? ወንበሯ ላይ ማንም መጥቶ እየተቀመጠ ፎቶ ሊነሣባት?

እኔ ወንበሯ ላይ ሰው አስቀምጬ አላውቅም። ከጌታዬ ወዲህ ማንም።

ግን. 7፣ ቅዳሜ

መስታወት ፍለጋ። ሱቅ የሚሸጠው ለቤት መስኮት ነው፣ ስስ። የአውቶቡስ ደግሞ ጎባጣ ነው። የቡላ በር ወፍራምና ዝርግ ነው የሚፈልግ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሌላ መኪና መስታወት ዙሪያውን ብረት ይዞት ይቆማል። ቡላ ጣሪያዋ ጨርቅ ነው፣ በሯ ከወገቡ በላይ ብረት የለውም። መስታወቱ ራቁቱን ነው ተነሥቶ ጣሪያዋን የሚገጥመው። ጠርዙ ካልተሞረደ እጅ ይቆርጣል፤ ልኩ በእህል ፍሬ ቢያንስ ዝናብ ያስገባል። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።

ለሥዕል መስታወት የሚቆርጥ፣ መቁረጫ አልማዝ ያለው ማነው ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ አንድ ስም ጠራ። አናጢው ያንኑ ስም ጠራ። ኩልመስክ ድረስ ሄጄ እጠይቃለሁ ብዬ ለአንድ የኩልመስክ ሰው ነገርኩት፤ እሱም፣ እኛም እኮ ወደ መሪጌታ ይባቤ ነው የምንልከው አለ።

ጠላ ቤት ገባሁ። እዚያም ሰሙ። አያ ደርበው፣ መሪጌታ ካልነካት ቡላህ አትድንም አለ አንዱ። አንዱ ደግሞ፣ በጸበል ይሞክሩላት አለ። ሳቁ። ሒሳቤን ጥዬ ወጣሁ።

ግን. 8፣ እሁድ

አንተ አታውቅም፣ ደብተር፣ ስለዚህ ልንገርህ። መሪጌታ ይባቤ ብራና ፋቂ ነው። ጸሐፊም ነው። ሥዕል በመስታወት ያስገባል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ መንደሩን ፊደል ያስቆጠረ እሱ ነው። ሽማግሌ ሳይቀር በአግዳሚ ተደርድሮ ሀ ሁ ይል ነበር። እኔ ከኔ በዕድሜ በሚያንስ ሰው ፊት አግዳሚ ላይ አልቀመጥም አልኩ። ጥሩዬ ሄደች። ሦስት ወር። እኔ ዱላዬን ይዤ ከውጭ እጠብቃታለሁ። በመስኮቱ የሱ ድምፅ ይሰማል፣ የሷም። እሱ አንድ ይላል፣ እሷ ትደግማለች።

እና አሁን አንተ ላይ የተቀመጠው ፊደል ሁሉ የሱ ነው። የኔ ቃል በሱ ፊደል። ይኼን ጻፊው አልኳት። እየሳቀች ጻፈችው። ምን ያስቃል?

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ገብቼ አላውቅም። እሱም እዚህ ረግጦ አያውቅ። ሚስቱ የሞተች ጊዜ እንኳ ከደጅ ነው የተቀመጥኩ፤ ጥሩዬ ነች የገባች።

ግን. 9፣ ሰኞ

ወሰንኩ። መስታወቱን ይቁረጥ፤ ቡላን ግን አያያትም። ልኩን እልካለሁ፣ ቆርጦ ይልካል፣ እኔ እገጥማለሁ።

ጥሩዬ በክር ለካ አለች። ክር አያስፈልገኝም፤ የዚህን ግቢ የአጥር ግንብ በስንዝሬ ለክቼ ነው የካብኩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሟል። የቀኙን በር መስታወት፣ ጤነኛውን፣ ለካሁ። ርዝመቱ ሁለት ስንዝር ተኩል። ቁመቱ ሁለት ስንዝር፣ ሦስት ጣት ሲቀረው። ፊቱ ያዘመመ፣ ኋላው እንደ ማጭድ ጀርባ። ጻፈችው። ራሷ ልትወስደው ተነሣች። አይደለም፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ይወስደዋል አልኩ። ተቀመጠች።

ግን. 14፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

መጣ። በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በጭድ ተሸፍኖ። መልኩ ያምራል፤ ልክድ አልችልም። ጠርዙ እንደ ጥርስ ለስላሳ ነው። ፊቱ አዘመመ፣ ኋላው ጎበጠ። የሆቴል ጠረጴዛ ላይ የነበረ ወፍራም መስታወት ነው አሉ፣ ከተሰበረው የተረፈ።

ገጠምኩት። አጠረ።

በርዝመቱ ሦስት ጣት፣ በቁመቱ ሁለት። መሐል ላይ ድመት ያሳልፋል።

ሆን ብሎ ነው አልኩ። ሊያዋርደኝ ነው። የሆቴሉ ሰውዬ ወዳጁ ነው፤ ባለፈው ሲሳሳቁ አይቻቸዋለሁ። እስኪበቃኝ ተናገርኩ። ጥሩዬ እጄን ያዘች፣ የሷን እጅ ላዩ ላይ ዘረጋችው። የማን ስንዝር እንደሆነ አላልክም አለች። የሱ እጅ የጸሐፊ እጅ ነው፤ ያንተ ሁለት ስንዝር ለሱ ሁለት ከሩብ ነው አለች።

እውነት ነው። የኔ እጅ አካፋ ነው።

ግን የእጁን መጠን እንዴት አወቀች?

ጠየቅኋት። ሦስት ወር እርሳስ ሲያሲዘኝ አላየሁትም? አለች። እንደዚህ አለች። በገዛ አፏ።

ምሳ አልበላሁም።

ግን. 15፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ እሱ ራሱ መጣብኝ፣ ከደጀ ሰላሙ። አያ ደርበው፣ ልኩ ገጠመ ወይ አለ። አጠረ አልኩ። እሱም ወዲያው ገባው፤ እጁን አይቶ እጄን አየ። ሳቀ። ጥፋቱ የኔ ነው አለ፣ በጽሑፍ የመጣ ስንዝር የማን እጅ እንደሆነ ሳልጠይቅ መቁረጥ አልነበረብኝም። ጥፋቱን ራሱ ወሰደው። እሱንም ለኔ አልተወልኝም።

አሁን ሌላ ወፍራም መስታወት እንዳለው ጠየቅኩ። ጥላውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። አንድ አለኝ አለ። ግን እሷን ሳላያት አልቆርጥም፤ ይኼም ከተበላሸ ሌላ የለም።

ሰኔ 12 ሃያ ሰባት ቀን ቀርቶታል። ይምጡ አልኩ።

ግን. 18፣ ረቡዕ፣ ጠ. 3 ሰ.

መጣ። ጥላውን ከደጅ አስደገፈ። ጥሩዬ ግቢውን በማለዳ ጠርጋዋለች። ለኔ ትጠርጋለች ወይ? ትጠርጋለች፤ ዛሬ ግን ሁለቴ ጠረገች።

ሸራዋን እኔ ገፈፍኩ። እሱ ቆመ። ከዚያ፣ ሲያወሩላት ከዚህ አሳንሰው ነው አለ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ተናደድኩ።

የቀኝ በሯ ግትር ነው። እኔ ስከፍተው መጀመሪያ ማንሣት፣ ከዚያ መግፋት፣ ከዚያ መሳብ አለብኝ። ይኼን ሌላ ሰው አያውቀውም። ዘዴውን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ እሱ እጀታውን ያዘ፣ ተከፈተለት። አንዴ። እንደ ዘመድ። ቡላ፣ አንቺም?

የብራና ቁራጭ አወጣ፣ የፍየል፣ የጠርዝ ትርፍ። ከመስታወቱ ላይ አለበሰው፣ በብርዕ ዙሪያውን ተከተለው፣ በሰንጢ ቆረጠው። ከዚያ ገለበጠው። የቀኙ ግራ ሆነ። ከግራው በር ላይ ያዘው፤ ቁጭ አለ። አንድ ስንዝር አልጠራም። ወረቀት እርጥበት ያጣምመዋል፣ ብራና ግን ከተፋቀ በኋላ ቃሉን አያጥፍም አለ።

ከበሩ ሆድ ስብርባሪውን ሁለታችን አወጣን። እሱ እጁ ቀጭን ስለሆነ ከእኔ ርቆ ይደርሳል። የኔ አካፋ ከመግቢያው አላለፈም። እኔ ያልደረስኩበት ቦታ እሱ እጁን ከትቶ ሲፈልግ ቆሜ አየሁ። ጥርሴን ነክሼ።

ጥሩዬ ጠላ አመጣች። ለሱ ቀድማ ቀዳች። ካህን ነው አለች በኋላ። ካህን ነው አውቃለሁ። ለካህን ስትቀጂ ግን አንገትሽን እንደዚያ አታዘሚም አልኳት።

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጣ ሄዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው የተመለሰች። ሳልለምናት አይደለም።

ግን. 26፣ ሐሙስ

ምንም የለም። ጠበቅኩ። ዝናብ ሁለቴ አስፈራራ። በሯን በላስቲክ ሸፈንኩት።

የሆቴሉ ሰውዬ በመንገድ አገኘኝ። አባባ፣ ማደሪያዋን አሠርቼ ጨርሻለሁ፣ ሲሚንቶ ነው አለኝ። አንተው እደርበት አልኩት።

ግን. 28፣ ቅዳሜ

ይዞት መጣ። ራሱ ተሸክሞት፣ እንደ ጽላት በጨርቅ። ሰው አላስያዘም።

የመስታወቱን እግር የአሮጌ ጎማ ላስቲክ አለበስነው፣ የሚቆምበት ብረት ውስጥ አስገባነው። እኔ ከላይ ያዝኩ፣ እሱ ከበሩ ሆድ ውስጥ ማንሻውን አሰረ። ቀስ ይበሉ ይለኛል፣ እኔም ቀስ ይበሉ እለዋለሁ። አንዴ ራሳችን ተጋጨ። ይቅርታ አለ። ይቅርታ አልኩ። ጥሩዬ ከደጅ ሆና ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

እጀታውን ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ወጣ። ወጣ። ጣሪያውን ነካ፣ ቆመ። ውሃ አፈሰስንበት በእንስራ። ጠብታ አልገባም።

እንግዲህ ዋጋዎት አልኩ።

እሱም ለኔ ምንም አልፈልግም አለ። ከፈለጉ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ጥሩዬን አንድ ቀን ጣሪያውን ከፍተው ያዙሯት። በዚህ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ሸራዋን ስታጥብ አያለሁ፤ አንድ ቀን ተቀምጣባት አላየሁም።

ሰማህ? ባለፍኩ ቁጥር። አያለሁ። ስንት ዓመት ሲያይ ኖሯል?

ሚስቴን የት እንደማስቀምጥ እኔ አውቃለሁ፣ አይንገሩኝ አልኩት። በእርስዎ ነው ያልኩት፣ አክብሬ፣ ግን እንደ ድንጋይ ነው የወረወርኩት። ጎንበስ አለ። ጥላውን አነሣ። ሄደ።

ጥሩዬ የፊቱን ገጽ ጻፈች፣ ለልጅ ዳዊት። መስታወቱ ተተክቷል በይ፣ ሌላ አትጨምሪ አልኳት። ረጅም ጻፈች መሰለኝ። ምን አልሽ አልኳት። መስታወቱ ተተክቷል ነው ያልኩት አለች።

ሰኔ 4፣ ዓርብ

ዝናብ ጣለ። ውስጧ ደረቅ ነው።

ጥሩዬ አትናገርም። የጠየቅኳትን ትመልሳለች፣ የምለውን ትጽፋለች። ያ ብቻ።

ሰኔ 11፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 9 ሰ.

ልጅ ዳዊት መጣ። ከብዷል፣ የአባቱን አፍንጫ ግን አልጣለውም። የሆቴሉንም ሰውዬ ይዞት መጣ። መንደርተኛው ከአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

ሸራዋን ገፈፍኩ። ዞራት። በጣቱ ጠርዙን ነካ። መስታወቱን አወረደው፣ አነሣው፣ አወረደው። ይኼ ከየት መጣ አለ። አሠራሁት አልኩ። ማን ሠራው አለ።

እውነቱን ላንተ፣ ደብተር። ስሙ እምላሴ ላይ ነበር። ሰውዬው ቆሞ ይሰማል፣ መንደሩ ይሰማል፣ ጥሩዬ ከበሩ ቆማ ታየኛለች። እዚሁ አገር ነው ያሠራሁት አልኩ። እኔው ነኝ ያቆምኩት አልኩ። ውሸት አይደለም። ከላይ የያዝኩ እኔ ነኝ።

ደብተሩን አምጡ አለ። ቆሞ አነበበ። እኔ የማውቀው ገጹ ሲገለበጥ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ቆየ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ደግሞ ዝቅ አለ። ወደ ጀርባ ሊገለብጥ ሲል ጥሩዬ፣ እሱ የቤት ጉዳይ ነው ብላ ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

ለሰውዬው፣ እዚሁ ትቆያለች አለው። ሰውዬው ሄደ። አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ እልል አለ። ያሸነፍኩ እኔ ነኝ።

ሰው ሲበተን ልጅ ዳዊት ጠጋ አለኝ። በጆሮዬ ነው ያለ፣ ላያሳፍረኝ ብሎ። ለመሪጌታ ይባቤ ምስጋናዬን አድርስልኝ፣ አያ ደርበው። ከገዛ የማርያም ሥዕሉ ላይ መስታወቱን አውርዶ ሲቆርጥ፣ ዋጋም ሳይቀበል፣ ስሙ ሊጠራ ይገባ ነበር።

ሁሉም ተጽፎ ነበር። እኔ ቆሜ ስዋሽ ጽሑፉ እጁ ላይ ነበር።

ደግሞ ሳቀና፣ ሁልጊዜ መሪጌታ ይባቤ ብላ በሙሉ ነው የምትጽፈው፣ ሌላው ሁሉ አጭር ነው አለ።

ሲሄድ፣ መኪና ካልሄደ ይሞታል፣ አንዳንዴ አውጣት አለ። እሱ ጋ የነበረውን ቁልፏን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን ራሱ አጠፋቸው።

ጥሩዬን ጠየቅኋት። የማርያሙን ነገር እንዴት አወቅሽ? ቤቱ የገባ ሁሉ ያውቃል አለች። ሚስቱ የታመመች ጊዜ የተሳለችው ሥዕል ነው። መስታወት የለበሰው ከሞተች በኋላ ነው። አንተ ብቻ ነህ ያልገባኸው።

ሰኔ 12፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

በዓሉ ደመቀ። እኔ ከሕዝቡ ወጥቼ ወደሱ ቤት ሄድኩ። ብቻዬን። ይኼን የምነግርህ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ገባሁ። ዝቅ ያለ በር ነው፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባ። ሥዕሏ ግድግዳው ላይ አለች። ያለ መስታወት፣ ራቁቷን። ዙሪያዋን መስታወቱ የነበረበት ቦታ ግድግዳው ነጣ ብሎ ይታያል። አንዱ ጥግ ላይ ጭስ ጀምሯታል።

የልጅ ዳዊትን ምስጋና አደረስኩ። ከዚያ የኔን። የኔው አጭር ነበር። ትናንት ስምዎን አልጠራሁም አልኩ። ሰምቻለሁ አለ። በዚህ አገር የማይሰማ የለም።

መስታወቷን ፈልጌ ለማርያም አመጣላታለሁ አልኩት። ሲመጣ ይመጣል አለ። ቤቴ አያፈስም፤ ዝናብ የሚያገኛት ያቺን ነበር።

ነገ ጥሩዬን ላወጣት ነው አልኩ። እስከ ብልባላ መንገድ፣ አገሯን ከሩቅ ወደምታይበት። ከፈለጉ... ይኼን ለማለት ብዙ ቆየሁ... ከፈለጉ ከኋላ ይቀመጡ።

ሳቀ። መኪና ያጥወለውለኛል፣ አያ ደርበው፣ ወልዲያ እንኳ በበቅሎ ነው የምሄደው አለ።

ደስ አለኝ። አልክድህም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ እጁን አየሁት፣ እውነትም ትንሽ ናት። በአልማዙ አመልካች ጣቱ ተቆርጧል፣ ገና አልዳነም። ለቡላ ሲቆርጥላት ነው።

አሁንም እቀናበታለሁ። ይኼን ጻፊ ጥሩዬ። ነገም እቀናበት ይሆናል። ግን ያየውን እኔ ማየት ነበረብኝ። ሸራ ስታጥብ።

ሰኔ 13፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ሰማዩ ጠርቷል፣ እስከ ከሰዓት ይቆያል። ጣሪያውን ወደ ኋላ አጥፌዋለሁ። ሞተሯ ይዞራል፤ ዛሬ ሦስት መቶ አልቆጥርም።

ጥሩዬ ተቀምጣለች። ከፊት። የፋሲካውን ቀሚስ ለብሳ፣ አንተን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ልትቀመጥ ስትል ጫማዋን አወለቀች፤ ልበሺው አልኳት። በሩ ለሷም በአንዴ ተከፈተላት። ለኔ ብቻ ነው እንግዲህ የሚያኮርፈው።

መንደሩ ቆሟል። የጠላ ቤቱ ሰዎችም። አያ ደርበው፣ ሙሽራዋን ወዴት ልትወስዳት ነው አለ አንዱ። ወደ ቤተሰቧ አልኩት።

የግራውን መስታወት አወረድኩት። ድምፅ የለውም። ዘይት ውስጥ እንደገባ ቢላዋ ነው የሚወርድ። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው፣ መሪጌታ ይባቤ። ይኼን ጻፊልኝ፤ ስሙን ደግሞ አታሳጥሪው።

አሁን ብዕሩን ክደኚው፣ ጥሩዬ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ይንጠባጠብብሻል። ከዚህ ወዲያ የምለውን ለደብተሩ አይደለም የምለው፣ ላንቺ ነው የምለው፤ ነጠላሽን ያዢው፣ ነፋሱ...